መኪናና ሸማኔ

«መኪና የሚጠላ ሰው ሥልጣኔን የሚጠላ ነው» የሚል አነጋገር ከወጣቱ አፍ አይጠፋም። እኛም ተማሪዎች ሳለን እንዲሁ እንል ነበር። ይህን አሳባችንን የለወጡት በደምበጫ ገበያ ያገኘናቸው አንድ አረጋዊ ሸማኔ ናቸው።

ሰውዬው ጋቢያቸውን ዘርግተው ቢቀመጡም፥ ገዢው ዐይኑን የሚጥለው ከጎናቸው በተሰቀለው፥ ጥለቱ በመኪና በታተመው የውጭ አገር ጨርቅ ላይ ነበር። «አባቴ፥ በመኪናው አዘኑበት?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ድሩ ራሱ የፋብሪካ ክር አይደለም እንዴ? መኪናውስ ረድቶናል። ያስከፋኝ የታተመውን የሸማኔ ሥራ ነው እያለ የሚሸጠው ነጋዴ ነው» አሉን።

ይህን መልስ ይዘን የእንግሊዝን ታሪክ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1811 በኖቲንግሃም አውራጃ «ሉዳይት» የተባሉ ካልሲ ሠሪዎች በሌሊት እየተነሡ መኪና ይሰብሩ ጀመር። እነዚህ ሰዎች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በዚያው በካልሲ መሥሪያ መኪና ነው። የከፋቸው፥ አንዳንድ ባለ ሀብቶች በሰፊ መኪና ጨርቅ አሠርተው፥ ቈርጠውና ሰፍተው ደኅና ካልሲ እያስመሰሉ በመሸጣቸው የእጅ ዋጋቸው መውደቁ ነበር። ተገቢውን ዋጋ የሚከፍለውን ጌታ መኪና ሳይነኩ የሚያልፉበት ጊዜም ነበር። ፓርላማው በ1812 መኪና የሰበረ በሞት ይቀጣ ሲል ደነገገ፤ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን ተቃውሞ ቢናገርም አልተሰማም። በ1813 መጀመሪያ በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

በእኛ አገር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም፥ ስድቡ ቶሎ አልቀረም። የተናቀ ሰው ሲበደልም አቤቱታውን የሚሰማለት ጥቂት ነው። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ መሆኑን፥ ርካሽ ጨርቅም ድኻውን ማልበሱን አንክድም። ስለዚህ መኪናው ይምጣ እንላለን። ነገር ግን በእጅ የተሸመነው ከታተመው የሚለይበት ምልክት ይኑረው፤ ገዢው የሚገዛውን አውቆ ይግዛ፤ ሸማኔዎችም ተባብረው የተሻለ መሣሪያ የሚገዙበት ብድር ያግኙ።

በየጽሕፈት ቤቱ የተቀመጣችሁና ነገ የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፥ አንድ ባለ እጅ «መኪና ጎዳኝ» ብሎ ቢመጣ፥ መሃይም ነው ብላችሁ ከደጅ አትመልሱት። አስቀምጡትና በመኪናው ማን እንደ ጎዳው ጠይቁት።