በከፍታችን ልክ

ለሮቤ፣ ለጎባ፣ ለዲንሾና ለመላው የባሌ ደጋ ወገኖቼ፤ በተለይም በየጤና ተቋሙ የሕክምና መሣሪያ ለምትጠግኑ፣ ሌት ተቀን በመሣሪያው ለምትሠሩ ነርሶችና አዋላጆች፣ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩ ልጆች፤

የሲናና ስንዴ እንዴት ነው? ብርዱስ? የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ። ብዕር ያነሣሁት በዚሁ በሙያዬ የሠራሁትን አንድ ጥፋት ልናዘዝላችሁና ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ያለን የአገር ልጆች አዋጥተን ሁለት ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ገዛን። ያገለገሉ ቢሆኑም እኔው ፈታትቼ አጸዳኋቸው፤ ፊልትራቸውን ቀየርኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሳላጠፋ ፈተሽኳቸው። እንከን አልነበራቸውም። አሽገን ባሌ ደጋ ላይ ወዳለ አንድ የጤና ተቋም ላክናቸው። ፎቶግራፍ ሲመጣልን እንደ ሠርግ ነበር ደስታችን።

በሁለተኛው ዓመት አገር ቤት ስገባ ላያቸው ሄድኩ። አንዱ መጋዘን ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ሌላው ይሠራል፤ ግን ፊቱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት በርታ አትጠፋም። ያቺ መብራት «የማወጣው ኦክስጅን በቂ አይደለም» እያለች የምትጮኽ ናት። ነርሷን ጠየቅኳት። «ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው ጋሼ፤ ለምደነዋል» አለችኝ። ቃሏ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የተቋሙም አልነበረም። የእኔ ነበር።

ኮንሰንትሬተር ኦክስጅን አይፈጥርም። የክፍሉን አየር ስቦ በኮምፕረሰር ያምቅና ዜኦላይት በሚባል ማዕድን በተሞላ ዕቃ ውስጥ ያሳልፈዋል። ዜኦላይቱ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ ኦክስጅኑ ወደ በሽተኛው ያልፋል። ስለዚህ የሚሰጠው በሚስበው ልክ ነው። እኔ ማሽኖቹን የፈተሽኩባት ሚኒያፖሊስ ከባሕር ጠለል 250 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ሮቤ 2,490 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ ማሽኖቹ የተሠሩት ለአሜሪካ መብራት ነበር። ትራንስፎርመር አብሬ ልኬ ነበር፤ ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። እዚህ 60 ኸርዝ ነው፤ እናንተ ዘንድ 50። እንዲህ ያለው የኮምፕረሰር ሞተር እናንተ ዘንድ ሲነሣ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ሁለቱን ጉድለት ደምራችሁ ብታሰሉት፣ ሮቤ ላይ ማሽኑ መሳብ ከነበረበት አየር የሚያገኘው ከመቶ 62 ያህሉን ነው። የማሽኑ መመሪያ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ በግልጽ ይናገራል። ያንን ገጽ ዘልዬው ነበር። የሮቤ ልጅ ሆኜ የሮቤን ከፍታ ረሳሁ።

ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ውስጥ የገባ ማሽን ሁሉ አንድ ጥያቄ ያስነሣብኛል፦ አንተ የተለካኸው በማን አገር ከፍታ ነው?

አውቶክሌቩን ውሰዱ። እናቶቻችን ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል ከማንም በፊት ያውቃሉ። ምክንያቱ ውሃው ሮቤ ላይ 92፣ ጎባ ላይ 91፣ ሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ 87 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መፍላቱ ነው። የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የግፊት መለኪያ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ካሳየ ውስጡ 121 ዲግሪ ነው ተብለን ተምረናል። እውነት ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ። ጎባ ላይ ያው 15 የሚሰጠው 116 ዲግሪ ገደማ ነው። አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ጀርሙን ለመግደል የሚፈጀውን ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል ታስረዝማለች። ጎባ ላይ 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 መውጣት አለበት፤ ይህም ማሽኑ ያንን ግፊት መቻሉ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ሙቀቱን ራሱ የሚለካ አውቶክሌቭ ካላችሁ ከዚህ ጣጣ ትድናላችሁ። በጌጅ ብቻ የምትሠሩ ግን በባሕር ዳርቻ ልክ የተሠራ ቁጥር እያነበባችሁ ነው።

ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን ኦክሲሜትርም ተመልከቱ። ሐሳቧን ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አመነጨው፤ ዛሬ ማደንዘዣ ሲሰጥ የግድ ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በኦክሲሜትር ሲለካ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጠው ይላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ሕፃናት ግን ጤነኛውም ልጅ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ ወሰኑ እስከ 87 ሊወርድ እንደሚችል ይጠቅሳል። አሁን ካርታችሁን አውጡ። ሮቤ 2,490 ገደማ፤ ጎባ 2,740 ገደማ። ያ የዓለም መስመር የሚያልፈው በሁለቱ ከተሞቻችን መካከል ነው! በሚኒባስ አጭር መንገድ በሚለያዩ ሁለት ከተሞች የአንዱ ሕፃን በአንድ ቁጥር፣ የሌላው በሌላ ቁጥር ሊታከም ነው። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኦክሲሜትር የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን እጥረት ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ቆዳችንም ከፍታችንም በንድፉ ውስጥ አልታሰቡም ማለት ነው። ባሌ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚመረምር ሰው ለባሌ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ለአንዲስ ተራሮችም፣ ለሂማላያም፣ ለሰሜን ተራሮቻችንም ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ድሃ አገሮች 112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ 38.3 በመቶው የማይሠሩ መሆናቸውን አገኘ። እኔም ለዚያ ክምር ሁለት አዋጥቻለሁ።

እዚህ የምኖርባት ከተማ ግን ሌላ ትምህርት ሰጥታኛለች። ሜድትሮኒክ የሚባለውን ኩባንያ ስሙን ሳታዩት አልቀራችሁም፤ በዓለም ካሉት የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ነው። ኧርል ባከንና የጋብቻ ዘመዱ ፓልመር ኸርመንድስሊ የሆስፒታል መሣሪያ እየጠገኑ ሊኖሩ ነበር ያሰቡት። የመጀመሪያው ወር ገቢያቸው ስምንት ዶላር ነበር። ባከን በየሆስፒታሉ ይገባ ይወጣ ስለነበር ሐኪሞቹ የሚቸገሩበትን ሁሉ ያውቃል። የዚያን ዘመን የልብ ምት ማስተካከያ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ጋር የታሰረ ትልቅ ሣጥን ነበር። ጥቅምት 31 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. የከተማው መብራት ለሰዓታት ጠፋ። በዚያ ቀን አንድ ሕፃን እንደሞተ ይነገራል። የልብ ቀዶ ሐኪሙ ዋልተን ሊልሃይ ባከንን «አንድ ነገር ሥራልን» አለው። ባከን የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ ንድፍ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ አስታወሰና በአራት ሳምንት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ሠራ።

ወገኖቼ፣ መብራት መጥፋት ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ጠጋኝ ማጣትስ? ያን መሣሪያ ያስወለደው የከተማዋ ሀብት አልነበረም። ችግሩን በዓይኑ ያየና እጁ የተፈታ ጠጋኝ፣ ከአልጋው አጠገብ መገኘቱ ነው።

ሌላም አለ። የባንግላዴሹ ሐኪም መሐመድ ጆባየር ቺስቲ ሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ሲሞቱበት ጊዜ፣ ውድ የመተንፈሻ ማሽን በሌለበት የሻምፖ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ሕፃኑ የሚተነፍሰው አየር የሚወጣበት ቱቦ ጫፍ እዚያ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። አየሩ አረፋ እየሠራ ሲወጣ ሳንባው እንዳይከደን ደግፎ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ በወጣው ጥናቱ በዚህ መንገድ ከታከሙት 79 ሕፃናት 3 ሞቱ፤ በተለመደው ዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ከታከሙት 67 ግን 10። ዘዴው በኋላ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ተሞክሯል። ይህን ሳነብ ልቤን የነካው ንድፉ ነው፦ ግፊቱን የሚወስነው ቱቦው ውሃው ውስጥ የገባበት ጥልቀት ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ዳካ ላይም አምስት ነው፤ ጎባ ላይም አምስት፤ ሳነቴ ላይም አምስት። ቁጥሩ ከፍታ ሲለወጥ የማይዋሽ መሣሪያ እንዲህ ነው የሚነደፈው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እናንተ ደጃፍ ላይ ያለውን ሀብት ሚኒያፖሊስ በገንዘቧ አትገዛውም። ከሮቤ ተነሡ፤ ጎባን እለፉ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ሳነቴ ውጡ። አየሩ እዚያ ከባሕር ጠለሉ 61 በመቶ ያህል ነው፤ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። ከዚያ በሐረና ጫካ ጉምና እርጥበት ውስጥ ውረዱ፤ መጨረሻችሁ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ሞቃቷ ደሎ መና ናት። አንድ መንገድ፣ አንድ ቀን፣ አንድ መኪና። ስስ አየር፣ ውርጭ፣ እርጥበት፣ ሙቀት፣ የመንገድ ንቅናቄ በተራ በተራ ይመጣሉ። ሌላው ዓለም ይህን ለማግኘት ግፊት የሚቀንስ ልዩ ክፍል ይሠራል። መንገዱ ቤተ ሙከራችሁ ነው። ኮንሰንትሬተር፣ ኦክሲሜትር፣ አውቶክሌቭ፣ ባትሪ፣ የሕፃናት ማሞቂያ፤ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ በዚህ መንገድ ወጥቶ ወርዶ የምስክር ወረቀት ቢይዝ ምን ይለናል? ዩኒቨርሲቲው ሮቤ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ጎባ ነው። መለኪያውም በሽተኛውም ተማሪውም እዚያው ናቸው።

ለከፍታ የሚስማማ መሣሪያ መሥራት ለባሌ እንግዳ ነገር አይደለም። 3,469 ሜትር ላይ ባለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አስረድቷል። እነዚያ ሰዎች ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ባልጩት እያመጡ መሣሪያቸውን ይሠሩ ነበር። ለዚያ ከፍታ የሚሆነውን መሣሪያ ከዚያው ከፍታ በወጣ ድንጋይ ነው የሠሩት።

መጀመሪያው ከባድ አይደለም። ባዮሜዲካል ባለሙያዎች፣ ደብተር ያዙ፤ የትኛው ማሽን መቼ፣ በምን ምክንያት እንደቆመ፣ በምን እንደዳነ ጻፉ። የቀየራችሁትን መለዋወጫ፣ ከሌላ ዕቃ ነቅላችሁ ያስማማችሁትን ሁሉ ጻፉ። እናንተ «እንደምንም አስነሣሁት» የምትሉት ነገር ንድፍ ነው፤ ያልተጻፈ ንድፍ። ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ሥራችሁን ከውጭ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ደብተር ምረጡ። ነርሶችና አዋላጆች፣ ማሽኑን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ንድፍ ሲነደፍ ጠረጴዛው ላይ ይጥሯችሁ፤ ካልጠሯችሁም ግቡ። የጤና ተቋም ኃላፊዎች፣ እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ማሽን ልንልክ ስንል ሦስት ነገር ጠይቁን፦ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ይሠራል? ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ነው? መመሪያውና መለዋወጫው አብሮ ይመጣል? አጥጋቢ መልስ ካልሰጠናችሁ ስጦታችንን መልሱልን። አንቀየምም፤ ብንቀየምም ሕፃኑ ይበልጣል።

እኛም የድርሻችንን እንያዝ። ከአሁን በኋላ እኔና ጓደኞቼ የምናዋጣው ለመለኪያ ነው፦ የኦክስጅን ንጽሕና መመርመሪያ፣ የአውቶክሌቩን ውስጥ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ የቮልትና የኸርዝ መለኪያ። ማሽን ያልቃል፤ መለካት የቻለ ሰው ግን የሚመጣለትን ሁሉ ይመዝናል፤ የጎደለውንም ይሠራል።

በሚቀጥለው ዓመት ስመጣ መመርመሪያውን በእጄ ይዤ ነው። መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያች ነርስ ነው። የላክሁላትን ማሽን አብረን እንለካዋለን፤ ሊስተካከል ከቻለ እናስተካክለዋለን፤ ካልቻለ ከበሽተኛው አጠገብ እናነሣዋለን። እስከዚያው አደራዬ ይህ ነው፦ ቢጫ መብራት ስታዩ አትልመዱት።

ናፋቂያችሁ፣
የሮቤው ልጅ፣ ከሚኒያፖሊስ