ከአደይ አበባው በስተጀርባ

መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ሥዕል በፊታችን ይቆማል። በቢጫ አበባ የተሸፈነ መስክ፣ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድ፣ በእጇ የአደይ አበባ እቅፍ፣ በስተኋላዋም ጭስ የሚወጣበት የሣር ጎጆ። ይህ ሥዕል በቀን መቁጠሪያ ላይ አለ፤ በፖስታ ካርድ ላይ አለ፤ በመድረክ መጋረጃ ላይ አለ፤ ዛሬም በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ይመላለሳል። ግጥሞቻችንም ያንኑ በቃላት ይደግሙታል። የጎጆው ባለቤት ግን ራሱን በሥዕሉ ውስጥ ቢፈልግ አያገኝም። አበባው ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ አበባውማ እውነት ነው። ክሳችን ደስታውን ከደስታው ምክንያት ለይተው፣ የገበሬውን ቤት ጌጥ አድርገው በሚያቀርቡ ብዕሮችና ብሩሾች ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስያሜውን እንመርምር። ገጣሚዎቻችን መስከረምን «ጸደይ» ማለትን ለምደዋል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ሲሆን መጸው በማግሥቱ ይገባል። ስለዚህ እንቁጣጣሽም ሆነ መስቀል የሚውሉት ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ገበሬው ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣውን ጊዜ «ጥቢ» ይለዋል። ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። «ጸደይ» ሲባል ገጣሚው የሚያየው አበባ ነው። «ጥቢ» ሲባል ግን ገበሬው የሚያየው እሸት፣ ወተትና ቅቤ ነው። አንደኛው በዓይን ይበቃል፤ ሁለተኛው አፍና ሆድ ይጠይቃል።

ለመሆኑ በመስከረም ወር የደጋው ገበሬ ጎተራ ምን ይመስላል? ያለፈው ዓመት እህል ከፊሉ ተበልቷል፤ ከፊሉ ለዘር ወጥቶ በመሬት ውስጥ ነው። ጤፉ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ አይታጨድም። እናት የጎታውን ወለል በእጇ እየዳበሰች፣ ምርቱ እስኪደርስ ስንት ሳምንት እንደቀረ በልቧ የምትቈጥርበት ወቅት ነው። ታዲያ ከጓሮ የተሸለቀቀው የመጀመሪያው የበቆሎ እሸት በምድጃው ዳር ሲጠበስ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከብበው ጣታቸውን እየተቃጠሉ ሲሻሙ፣ አባት «ለአያታችሁ አስቀድሙ» ብሎ ሲቆጣ የሚሰማው ደስታ የምን ደስታ ነው? የጭንቅ ወር ማለፊያ ደስታ ነው። ሣር የጠገበችው ላም ወተቷ ሲጨምር፣ ቅሉ በቤቱ ጥግ ሲናጥ፣ አይቡ በቅጠል ተጠቅልሎ ለጎረቤት ሲላክ፣ ቤተሰቡ ዓመቱን ሊወጣው መሆኑን እርስ በርሱ ይነጋገራል። ይህን የማያውቅ ሠዓሊ እሸቱን ሊስለው ይችላል፤ ጣዕሙን ግን አይስለውም።

ስለ ልጆቹም እንናገር። በሥዕሎቻችን የገጠር ልጅ በመስከረም አበባ ይለቅማል፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ያድላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንድ ቀን እውነት ነው። በማግሥቱ ያው ልጅ ወንጭፉን ይዞ በማሳው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ይወጣል። ወፍና ዝንጀሮ እሸቱን እንዳይጨርሱት ከጧት እስከ ማታ ይጮሃል። እዚያ ላይ ሆኖ የለበለባትን የገብስ እሸት በመዳፉ አሽቶ ሲቅም፣ ከወዲያኛው ማማ ካለው ጓደኛው ጋር በፉጨት ሲነጋገር በእውነት ይደሰታል። ደስታው ግን በጥበቃው መካከል የተገኘ ነው። መምህራን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ትምህርት ቤት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከስም ጥሪው የሚጎድለው ልጅ ብዙውን ጊዜ በማማው ላይ ነው። አበባ የያዘውን ልጅ ብቻ የሚያሳይ የመማሪያ መጽሐፍ ባዶ የቀረውን ወንበር አይገልጸውም።

ሌላም አለ። ክረምት ወንዝ የሚሞላበት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚቆራረጥበት ወቅት ነው። ከወንዝ ማዶ የተዳረች ልጅ እናቷን ሳታይ ትከርማለች። በጥቢ ውኃው ሲጎድል፣ መሻገሪያው ሲገለጥ፣ ልጇን አዝላ ወደ እናቷ ደጅ ትመጣለች። ቤቱ ተለቅልቋል፤ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ይወቀጣል። እናቲቱ በመጀመሪያ የምትመለከተው የልጇን ልብስ አይደለም፤ ከስታ እንደሆነ ፊቷን ነው። በዚህች አንዲት አተያይ ውስጥ ያለውን ታሪክ የትኛው የመስከረም ግጥማችን ነገረን?

ሥዕል እውነትን ሲሸፍን ምን እንደሚከተል ታሪካችን ይመሰክራል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ከማድረጉ በፊት፣ በብዙ ቦታ ጭሰኛው ያን እሸት ሲያይ አብሮ የሚያየው የባለመሬቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ለምለሚቱ ኢትዮጵያ በሥዕል ስትታይ፣ ረኃቡ ግን ከሕዝብ ተሸሽጎ ነበር። ከዚያም ትምህርት አልተገኘም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በደማቅ ሰልፍና በሰንደቅ ሲከበር፣ በወሎና በትግራይ ጎተራው ባዶ ነበር፤ ከኮረም የተነሣው ፊልም በጥቅምት ወር ለዓለም ታየ። በሁለቱም ዘመን አበባ የሚሥል እጅ አልጠፋም። የጠፋው የጎታውን ክዳን ከፍቶ የሚያይ ዓይን ነበር።

አንዳንዶች ደግሞ በተቃራኒው ይሞግቱናል። «የአንድ ቤተሰብ እሸትና ቅቤ ለኪነ ጥበብ ያንሳል፤ ጥበብ ትልልቅ ጉዳዮችን ትያዝ» ይላሉ። የእነዚህ ሥራ ገበሬውን የሚያውቀው ሲራብ፣ ሲሰለፍ ወይም ሲሞት ብቻ ነው። ይህም ሌላው ሐሰት ነው። በምድጃው ዳር የሚስቅ ቤተሰብ ያላየ ሰው፣ ረኃብ ከዚያ ቤት ምን እንደሚወስድ ሊነግረን አይችልም። ትልቁ ጉዳይ የሚለካው በዚች ትንሽ ደስታ መኖርና አለመኖር ነው።

እንግዲህ ብዕርና ብሩሽ የያዝን፣ በመድረክና በክፍል የምናስተምር፣ የባህል ሥራ የምንመራ ሁሉ በሚመጣው መስከረም አበባውን እንሣል፤ ነገር ግን ከአበባው አልፈን ወደ ቤት እንግባ። ጎታውን እንዳብስ፤ ማማው ላይ እንውጣ፤ ወንዙን ከተሻገረችው ልጅ ጋር ደጁ ላይ እንቁም። አደይ አበባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይረግፋል። ገበሬው ግን በዚያን ጊዜም እዚያው ማሳው ላይ ነው፤ ማጭዱን እየሳለ ነው።