ለለቡ ወገኖቼ፣ ስለ አክስቴ ማረፊያ

ከአዲስ አበባ፣ ከለቡ ሙዚቃ ሰፈር ወጥቼ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እንጀራዬ ኬክ መጋገር ነው። የሐበሻ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን ሌሊቱ የሚነጋልኝ ምድጃ ሥር ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላ ጋጋሪና ስለ አክስቴ ነው።

ከሱቄ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ሌክውድ በምትባል ከተማ፣ ጃክ ፊሊፕስ የሚባል ክርስቲያን ኬክ ጋጋሪ አለ። ሐምሌ 2004 ዓ.ም. ሁለት ወንዶች ለሠርጋቸው ኬክ እንዲሠራላቸው መጡ። የልደት ኬክም ብስኩትም እንደሚሸጥላቸው፣ የሠርጉን ኬክ ግን እምነቱ እንደማይፈቅድለት ነገራቸው። የግዛቲቱ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ሕግ ጥሰሃል አለው። የሠርግ ኬክ መሥራት ሲያቆም፣ ራሱ እንደተናገረው፣ ከገቢው 40 በመቶ ያህሉን አጣ፤ ከሠራተኞቹም ከግማሽ በላይ ተለዩት። ስድብና ዛቻ በስልክ ወረደበት። ግንቦት 27 ቀን 2010 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ኮሚሽኑ እምነቱን በጥላቻ ዓይን ማየቱ፣ ሳያዳላ አለመስማቱ ነበር ምክንያቱ። ነጋዴ በእምነቱ ምክንያት ደንበኛን መመለስ ይችላል ወይ የሚለውን ትልቅ ጥያቄ ግን ፍርድ ቤቱ ሳይነካው አለፈ።

ያን ቀን ደስ ብሎኛል፤ አልደብቃችሁም። ለእኔ ጋብቻ ተክሊል ነው። ወንድና ሴት ካባ ደርበው፣ ዘውድ ደፍተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው አንድ ሥጋ የሚሆኑበት ምሥጢር ነው። በዚህ ላይ ከእናንተ አንዲት ጋት አልርቅም። ደግሞም የሠርግ ኬክ የምሠራው በእጄ ነውና፣ እጅ ከልብ ተለይቶ እንዲሠራ ማስገደድ ምን እንደሚመስል ይገባኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ፣ የግብረ ሰዶም ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ተቋማት ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። ድርጊቱን የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ይከለክለዋል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፣ ጥቆማው ፖሊስ ጋ ሳይደርስ ቲክቶክ ላይ መፈረዱ ነው።

አክስቴን ታውቋታላችሁ። ስድስት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያዋ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ከወሊሶ መጥተው አንድ ክፍል ያዙ። አባታቸው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ገንዘባቸው ለሁለት ክፍል አልበቃም። ተቃቅፈው ሲወጡ አንድ ሰው በስልኩ ቀረጻቸው። የአባታቸው ሕመም የጠናበት ቀን ነበር። በማግስቱ የማረፊያዋ በር ከነቀለሙ በየስልኩ ይዞር ጀመር። የሚደውለው ሁሉ ይራገማል። መንገደኛ ሸሸ፤ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች እንኳ ቀሩ። እኛ ወንድ ከወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሄድበት፣ እንግዳ ሲመጣ ወንድ ልጅ ከወንድ እንግዳ ጋር አንድ አልጋ ላይ የሚያድርበት አገር ልጆች ነን! ያንን የዋህ ልማዳችንን በክፉ ዓይን ማየት መቼ ተማርን?

ግንቦት 2011 ዓ.ም. አንድ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ግብረ ሰዶማውያን ጎብኚዎችን ላሊበላ ሊያመጣ ነው ሲባል፣ የኦርቶዶክስ ማኅበራት መንግሥት እንዲከለክል በአደባባይ ጠይቀዋል። በስማቸው ቆመው፣ የሚያምኑትን ተናግረው ነው የጠየቁት፤ መብታቸው ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ለድርጅቱ ባለቤት ዛቻ የላኩት ግን የጃክ ፊሊፕስን ስልክ ሲያንጫርሩ ከነበሩት በምን ይለያሉ?

ለጋጋሪው የጠየቅነው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት፣ በጩኸት ብዛት ከእንጀራው እንዳይነቀል ነበር። ለአክስቴም የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል፤ እሷ ደግሞ ጭራሽ አልተከሰሰችም። ጥርጣሬ ያለው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ ስሙን ሰጥቶ፣ ያየውን ይናገር። ነገሩ ውሸት ሆኖ ከተገኘም በቃሉ ይጠየቅ።

ያንን ምስል ያጋራችሁ አጥፉልኝ። ያላጋራችሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በበሯ ስታልፉ ጎራ በሉ። ጀበናዋን ዛሬም በሦስት ሰዓት ትጥዳለች፤ ሲኒዎቹን የምትደረድረው እንደ ድሮው አሥራ ሁለቱንም ነው።