ስለ መታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ

በአዘዞ የክረምቱ ዝናም በበረታ ጊዜ የታጠበው ልብስ በውጭ ስለማይደርቅ በቤት ውስጥ ይሰጣል፤ ከርሱና ከገላ መታጠቢያው የሚነሣውም እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ያሻግተዋል። በጎንደር በፋሲል ግቢ የወሸባው ቤት ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል፤ በዚያ እንፋሎቱ ለጤና ተብሎ ይታመቅ ነበር። በመኖሪያ ቤት ግን ሻጋታው ለደረት ሕመም ነው።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አየር ማስወጫ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ክፍሉን ይለካ ዘንድ እንመክራለን። ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 2 ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 12 ተኩል ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ይህም በሰዓት 8 ጊዜ እንዲለወጥ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የሚያስወጣ መኪና ያስፈልገዋል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ እስከ ውጭ ይድረስ፤ በኮርኒሱ ውስጥ ቢቀር እንጨቱን ያበሰብሳል። ከመዝጊያውም ሥር አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይተው፤ አየር ካልገባ አይወጣምና። ሰው ታጥቦ ከወጣ በኋላ መኪናው 20 ደቂቃ ያህል ይሥራ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የከሰሉ ነገር ነው። ልብሱ ቶሎ እንዲደርቅ በማለት በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ የሚያስገቡ አሉ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም የለውምና ልብስ የምታሰጣው ሠራተኛ ሳታውቀው ትሞታለች። ማራገቢያው አለ ብሎ መታመንም አይገባም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ይቆማል። ከሰሉ በደጅ ይቅር፤ ልብሱም እርጥብ ሆኖ ይደር።