በስልክ እየነኩ ገንዘብ ማግኘት ያዋጣልን?

ዛሬ በየቤቱ ያሉ ወላጆች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልጆቻችን ሌት ተቀን ጣታቸውን በስልክ መስተዋት ላይ እያመላለሱ «ገንዘብ እንሠራለን» የሚሉት ነገር፥ በእርግጥ ገንዘብ ይገኝበት እንደ ሆነ ነው። እኛም ነገሩን በቀልድ ስናሳልፈው ቈይተን፥ ወደ ገዛ ቤታችን በገባ ጊዜ እንደ ሥራ ልማዳችን መዝገብ ከፍተን መረመርነው።

የእኅታችን ልጅ ከጎጃም መጥቶ በእኛ ዘንድ ተቀምጦ የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን ይከታተላል። ሌሊት ከብርድ ልብሱ ሥር ብርሃን ስናይ የሚያጠና መስሎን ደስ ይለን ነበር። ባለቤታችን ግን «መጽሐፍ ከውስጥ አያበራም» ብላ አስነቃችን። ልጁን ጠርተን በጠየቅነው ጊዜ አንገቱን ደፍቶ፥ «ጋሼ፥ ለእናቴ ለበዓል የምልክላት ላገኝ ብዬ ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም፤ እርስዎን ደግሞ ዘወትር ማስቸገር አፈርሁ» አለን። ስለዚህ አሰናድተነው የነበረው ተግሣጽ በጕሮሯችን ቀረ።

የነገሩ አሠራር ይህን ይመስላል። ነጋዴዎች ማስታወቂያቸው እንዲታይላቸው ለመተግበሪያው ባለቤት ይከፍላሉ፤ ባለቤቱም ከተቀበለው ላይ ጥቂቱን ቈንጥሮ፥ ማስታወቂያውን ላየው ወይም ለጥያቄዎቹ መልስ ለሰጠው ሰው በነጥብ መልክ ያካፍላል። ነጥቡ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው የተወሰነ ልክ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ጥበቡም ያለው ከዚህ ላይ ነው። ልጃችን የገባበት መተግበሪያ (ስሙን አንጠቅስም) 20 ዶላር ሳይሞላ አይከፍልም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ነጥቡ እንደ ዝናብ ወረደለት፤ 17 ዶላር ሲደርስ ግን እንደ በጋ ምንጭ ጠብ እያለ መምጣት ጀመረ። በመጨረሻም «ቶሎ እንዲሞላልህ ጥቂት ገንዘብ አስገባ» የሚል ቃል መጣለት። እኛ በችሎት ብዙ ባለዕዳ አይተናል፤ ዕዳውን ለመክፈል ከባለገንዘቡ ቀብድ የጠየቀ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

ከዚህ በኋላ ከልጁ ጋር ተቀምጠን ሒሳቡን አወጣን። በ40 ቀን ውስጥ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ያህል፥ በጠቅላላው 80 ሰዓት አጥፍቷል። ለኢንተርኔት ጥቅል 600 ብር አውጥቷል። በእጁ የገባ ግን ምንም የለም። ልጁ ወረቀቱን ረዥም ጊዜ ተመለከተና፥ «እንቅልፌንስ በየትኛው ዓምድ እንጻፈው?» አለ። እኛም መልስ አልነበረንም።

ምናልባት «የእናንተ ልጅ አልቀናው ይሆናል» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንግዲያውስ ዓለም ሁሉ ያወቀውን እንይ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ሃምስተር ኮምባት የሚባለው ጨዋታ በቴሌግራም ወጣ፤ በእኛም አገር ተማሪው ብቻ ሳይሆን ትልልቁም ሰው ስልኩን ሲጠነቍል ከረመ። የሚጠበቀው ኮይን መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ በደመራው ዕለት ታደለ። 131 ሚሊዮን ሰዎች ድርሻ እንደሚገባቸው ተነገረ፤ ከ100 ቢሊዮን ኮይን ውስጥ 60 በመቶው ለተጫዋቾች ተመደበ። ይህን ለሕዝቡ ትክክል ብናካፍለው ለአንዱ ሰው 458 ኮይን ያህል ይደርሰዋል። ያን ቀን የአንዱ ኮይን ዋጋ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ገደማ ስለ ነበረ፥ የስድስት ወር ድካም 4 ዶላር ተኩል ያህል ሆነ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ዋጋው እጅግ ወረደ።

ይህስ ጨዋታ ነው፤ በሥራ መልክ የሚከፈለውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። በአማዞን ኩባንያ ሥር ባለው ሜካኒካል ተርክ በተባለው የጥቃቅን ሥራ ገበያ፥ ሊቃውንት የ2,676 ሠራተኞችን መዝገብ መርምረው በፈረንጆች 2018 ዓ.ም. ውጤቱን አስታውቀዋል። መካከለኛው ሠራተኛ በሰዓት ያገኘው 2 ዶላር ገደማ ነበር፤ በአሜሪካ ሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ፥ ማለት ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም፥ በላይ ያገኙት ከመቶው 4ቱ ብቻ ናቸው። ምክንያቱም ሥራ ሲፈልጉ የሚያልፈውን ጊዜ፥ ተሠርቶ የሚጣለውንም ሥራ የሚከፍልላቸው የለም።

በእውነት የሚከፍሉ መተግበሪያዎች መኖራቸውን አንክድም። በውጭ አገር ለሚኖር ሰው፥ ባቡር እስኪመጣ ድረስ ጥቂት ጥያቄ መልሶ የቡና ዋጋ ቢያገኝ ነውር የለበትም። ነገር ግን ክፍያው ብዙ ጊዜ በፔይፓል ወይም በዚያ አገር ሱቅ የስጦታ ካርድ ነው። የአማዞንን የስጦታ ካርድ ይዞ መርካቶ ቢወርዱ፥ ጤፍ የሚሰፍር ነጋዴ ከወዴት ይገኛል?

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናዘዝ አናልፍም። ለምርመራ ብለን የልጁን ስልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተቀብለን ነበር። ቍጥሩ ከፍ ሲል ደስ እያለን፥ «ዛሬ ስጦታህን አልወሰድህም» ሲለን እየወሰድን፥ ቀና ብንል 4 ሰዓት ሆኗል። እራቱ ቀዝቅዟል፤ ባለቤታችንም አንዳች ሳትናገር አየችን። በዚያች ሌሊት በልጁ ላይ የነበረን ፍርድ እጅግ ለዘበ።

አሁን ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ማመልከቻ ከሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ በኮምፒዩተር ይጽፍላቸዋል። በመጀመሪያው ወር 800 ብር አገኘ፤ 500ውን ለእናቱ ላከ። እኅታችንም ደውላ «የትምህርቱን ጊዜ ሽጦ ይሆን?» ብላ ጠየቀችን፤ ቅዳሜን ብቻ መሆኑን ነግረን አረጋጋናት።

መተግበሪያውን ግን ገና አላጠፋውም፤ 17ቱ ዶላር አሳዝኖታል። በየምሽቱ በ3 ሰዓት ስልኩ «ስጦታህ ይጠብቅሃል» እያለ ይጮኻል። ባለቤታችንም ከዚያ አስቀድማ ስልኩን ተቀብላ ከቡፌው ላይ ታሳድረዋለች፤ የእኛንም ጭምር።