ሐይቅ መስታወት አይደለም

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለኪነ ጥበብ ሰዎች እንግዳ አይደሉም። ደምበል የሚባለው ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ በሸራ ሲሳሉ፣ በግጥም ሲወደሱ፣ በቀን መቁጠሪያ ሲታተሙ ብዙ ዘመን አልፏል። ሆኖም በአብዛኛው ሥራ የሚታየው አንድ ዓይነት ሐይቅ ነው፤ የረጋ፣ ሰው አልባ፣ ታሪክ አልባ፣ ሰማይን ለማሳየት ብቻ የተፈጠረ መስታወት። ይህ ልማድ ፍቅረ ተፈጥሮ ተብሎ ሲሞገስ ኖሯል። እውነቱ ሲታይ ግን ተፈጥሮን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ሐይቆች ምንድን ናቸው? ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት አራቱም አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፍ ውኃውም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የአየር ጠባዩ እየደረቀ ሲሄድ ያ ሐይቅ ተከፋፈለ። ዝምድናው ግን ፈጽሞ አልተቋረጠም። መቂና ከታር ዝዋይን ይመግባሉ፤ ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላና ከላንጋኖ የሚወጣው ሆራ ቀሎ ደግሞ አቢጃታን። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የተላከለትን ይቀበላል፣ ፀሐይ ያተነዋል። ስለዚህ ላይኛው ሲነካ የሚታመመው ታችኛው ነው።

ታሟልም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን የነበረው አቢጃታ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከ100 በታች ወርዶ ታይቷል። በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር ለመስኖ፣ ለከተማና ለአበባ እርሻ ውኃ ይቀዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረው የሶዳ አሽ ምርት ደግሞ ከራሱ ከአቢጃታ ሲስብ ቆይቷል። ውኃው ሲቀንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴት እየፈለፈለ ምግቡን ከአቢጃታ ያገኝ የነበረው ፔሊካን ሌላ ሐይቅ ፍለጋ ሄደ። ፍላሚንጎው ግን የሚመገበው በጨዋማ ውኃ የሚበቅለውን ደቂቅ ዋቅላሚ ስለሆነ አልሸሸም። እንግዲህ ሠዓሊው ነጩን ዳርቻና ሮዝ ወፎቹን አይቶ «ድንቅ ኅብረ ቀለም!» ሲል የሚያየው የሐይቁን ባዶ ወለል ነው። የበሽተኛን ጉንጭ መቅላት ለጤና መቁጠር ማለት ይህ ነው።

ሌላው ጥፋት የለቅሶ ግጥሙ ነው። የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራር ተመናመነ በተባለ ቁጥር ብዕሩ የሚዘምተው ከሰል በሚያከስለው ገበሬ ላይ ብቻ ነው። ከሰሉ የሚነደው በማን ምድጃ ነው? ከተሜው ገጣሚ ቡናው የሚፈላበት ፍም ከየት መጣ? ገበሬው መጥረቢያ ማንሳቱ እውነት ነው፤ ገዢውን ትቶ ሻጩን ብቻ መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሰዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። በዝዋይ ደሴቶች ለዘመናት የኖረው የዛይ ሕዝብ በብዙ ሥዕል ውስጥ የለም፤ ካለም ታንኳ ላይ የቆመ ጥላ ነው። ይህ ጥላ ግን ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ አለው፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ያርሳል፣ ይሸምናል። በቱሉ ጉዶ ደሴት በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሸው ታቦተ ጽዮን አርፎባታል የሚል ትውፊት አለ፤ የብራና መጻሕፍትም ተጠብቀው ኖረዋል።

«ኪነ ጥበብ የውኃ መሐንዲስ ሪፖርት አይደለም» የሚሉ አሉ። ልክ ነው። ሠዓሊውን ኪዩቢክ ሜትር ቁጠር ያለው የለም፤ የተጠየቀው የሚስለውን እንዲያውቅ ነው። ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ሻላ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተኛ ያወቀ ገጣሚ ስንኝ አይነጥፍበትም።

ስለዚህ ወደ ሐይቆቹ የሚመለስ የኪነት ሰው ጉዞውን ከላንጋኖ አሸዋ ሳይሆን ከቡልቡላ ይጀምር። ወንዙን ተከትሎ ይውረድ፤ ውኃ ሳቢውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ ከሰል አክሳዩን ይጠይቅ። መምህሩም ተማሪዎቹን በዚያው መንገድ ይምራ፤ የባህል ሠራተኛው የዛይኛን ተረትና ዘፈን ተናጋሪዎቹ ሳሉ ይሰብስብ። ሥዕሉን በቢሮው ግድግዳ የሚሰቅለው ኃላፊም ከመስቀሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የሐይቁ ዳር ትናንት የት ነበር?