የጋራ መንገድ ሶሻሊዝም ነውን?





ባለፈው ሳምንት በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ፤ «መምህር፤ መንገዱም የመንገድ መብራቱም የሁሉ ከሆነ፤ ይኸ ሶሻሊዝም አይደለምን?» ሲል ጠየቀኝ። የልጁ አያት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰው መሆናቸውን ስለማውቅ፤ ጥያቄውን በቀልድ ላልፈው አልቻልሁም።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ በ1943 ዓ.ም. ነው። ኅብረተሰባዊነት በአገራችን የታወጀው ግን በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመንግሥት መንገድ አዋጁን ከሃያ ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ደርግ የወረሰው ባንኩን፤ ፋብሪካውን፤ መሬቱንና ትርፍ ቤቱን ነው፤ መንገዱማ ቀድሞውንም የሕዝብ ነበረ።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሶሻሊዝም የሚጠይቀው «ሀብት የሚፈራበት ንብረት የማን ይሁን?» ብሎ ነው። የጋራ ጥቅም የሚጠይቀው ግን «ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መከልከል የማይቻለውን ነገር ማን ይሥራው?» ብሎ ነው። የመንገድ መብራት ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ስለሚያበራ፤ ነጋዴ ዋጋ ቈርጦ ሊሸጠው አይችልም። የነፃ ገበያ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እንኳ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፤ ለግለሰብ ትርፍ የማይሰጠውን የሕዝብ ሥራ ከመንግሥት ግዴታዎች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ቢስማርክም በ1878 እ.ኤ.አ. የሶሻሊስቶችን ማኅበራት በሕግ ከልክሎ ሳለ፤ በሚከተለው ዓመት የፕሩሲያ መንግሥት የግል ባቡር ሐዲዶችን እንዲገዛ አደረገ። ቢስማርክን ሶሻሊስት የሚለው ማን ነው?

ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር «የጋራ» ብሎ መጠቅለልም ስሕተት ነው። የቤት ውኃና ኤሌክትሪክ በቈጣሪ ይለካሉ፤ ስልክም በሒሳብ ይከፈላል። ስለዚህም በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛ የስልክ ኩባንያ ፈቃድ ሲያገኝ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ዐሥር በመቶው ለሕዝብ ሽያጭ ሲቀርብ፤ መመርመር የሚገባው የሥርዓቱ ስም አልነበረም። መመርመር የሚገባው ማን እንደሚከፍል፤ ማን እንደሚጠብቅና ሒሳቡን ማን እንደሚቈጣጠር ነው። ስም ብቻ ይዞ መከራከር ከነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ማምለጫ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ ልጁ ጥቂት አሰበና፤ «እንግዲያስ የሁሉ ከሆነ፤ በሠፈራችን ከጠፋ የቈየው መብራት የማን ነው?» አለኝ። እኔም በዚያው መብራት ሥር ሳልፍ ስንት ወር ዝም ብዬ እንደ ኖርሁ ትዝ አለኝና አፈርሁ። የቀረውን መልስ ግን ይህን ጋዜጣ በቢሮው ተቀምጦ ለሚያነበው ወንድሜና እኅቴ ትቼዋለሁ።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ